መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ማርሽ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ፦ ከባሕር ዳር ለሚነዱ የተዘጋጀ መመሪያ

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ፣ ከሽምብጥ እስከ ቀበሌ 14 ሲመላለስ የሚውል መኪና ዳገት የሚያገኘው ወደ ቤዛዊት ሲወጣ ነው ማለት ይቻላል። ሜዳ ደግሞ የመኪናን ጉድለት ይሸፍናል። ያለቀ ጎማ፣ የተበላሸ የማርሽ ልማድ፣ ለወራት በርቶ የቆየ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ምንም አይመስሉም። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን ሲያረጥበው፣ ወይም ለጥምቀት ቤተሰብ ጭነን ወደ ጎንደር፣ አለያም በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለጣል።

ከጎማ የምጀምረው አውቄ ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ "ስታቢሊቲ ኮንትሮል አለው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር ማለቱ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ግን አያይም። ኮምፒውተሩ መኪናውን የሚይዘው በጎማው በኩል ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ያ ቦታ መያዝ ካቃተው የትኛውም ኮምፒውተር አይደርስልንም።

ጎማ፦ ከግቢ ሳይወጡ

ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ከተነዳ ጎማው ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ማለዳ ነው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።

የሾፌሩን በር ይክፈቱ። በበሩ ጠርዝ ወይም በሩ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ አንድ ምልክት ተለጥፎ ያገኛሉ። የፊትና የኋላ ጎማ ስንት ነፋስ እንደሚያስፈልጋቸው የሚናገረው እሱ ነው። ለትንንሽ የቤት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ2.2 እስከ 2.4 ባር፣ ማለትም ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አይከተሉ። እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ከፍተኛ መጠን ነው እንጂ ለእርስዎ መኪና የተመደበ አይደለም።

ጎሚስታ ጋ ቆሞ "ነፋስ ሙላልኝ" ማለት ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩን ይንገሩት፦ "የፊቱን 33፣ የኋላውን 32 አድርግልኝ" ይበሉ። የመንገድ ዳር መለኪያ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አይታወቅም። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የራስዎን መለኪያ ገዝተው በመኪናው ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሁልጊዜም በእሱ ይለኩ። በጎማ ላይ ከሚወጣ ወጪ ሁሉ ይህን የሚበልጥ አላውቅም።

በበሩ ላይ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው፤ አንዱ ለቀላል ጭነት፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። አምስት ሰው፣ ሻንጣና ጆንያ ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ሁለተኛውን ይጠቀሙ። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ውስጡን ይለያየዋል። ጭነት፣ ፍጥነትና የቆላ ሙቀት ሲጨመሩበት ይፈነዳል። ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ይህን ነገር በደንብ ቢያስብበት ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ለክተው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኙት ግን አይደንግጡ፤ በየ10 ዲግሪው ወደ 0.1 ባር መጨመሩ የተለመደ ነው። ጎማው ስለሞቀ ነፋስ አያስተንፍሱ፣ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

ቀጥሎ ጥርሱን ይመልከቱ። በጎማው ቦዮች ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ለክረምት ግን እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ የለብንም። የቦዩ ሥራ ውኃ ማውጣት ነው፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ይህን ሥራ በእጅጉ ይቀንሳል። 3 ሚሊ ሜትር የደረሰ ጎማ ይዘው ሐምሌን ለመሻገር አይሞክሩ። ሙልጭ ያለ ጎማ ላይ በቢላ ጥርስ ማስቆረጥ ደግሞ ለቤት መኪና ጎማ ፈጽሞ አይሆንም፣ የቀረችውን ስስ ጎማ ቆርጦ ወደ ሸራው ያደርሳል።

አበላሉም ይናገራል። ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሐሉ ከቀረ ነፋስ አንሶታል። መሐሉ ብቻ ከተበላ ነፋስ በዝቶበታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠሩ።

ዕድሜውን የሚያነቡት "ዶት" ከሚሉት የላቲን ፊደላት በኋላ ካሉት የመጨረሻ 4 አሃዞች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው። 2317 ካለ በ2017 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፦ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ጎማ የተሠራው በ2009 ነው። ሻጭ "የ17 ነው" ሲልዎ የእኛን 2017 የመሰለው ገዢ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ጎማ እንደ አዲስ ይዞ ይሄዳል። ብዙ አምራቾች ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ ጎማው በየጊዜው በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። ላስቲክ ተቀምጦም ይደርቃል። በጎኑ ላይ ስንጥቅጥቅ ካዩ ወይም አብጦ ካገኙት አይከራከሩ፣ ይተዉት።

የመጠኑ ጽሑፍም ትርጉም አለው። 175/65 አር 14 82 ቲ ቢል፣ 82 የጭነት ቁጥር ነው፣ ለአንድ ጎማ 475 ኪሎ ግራም። ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይችላል ማለት ነው። ከመኪናው ከተመደበው ያነሰ የጭነት ቁጥር አይግዙ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች መጠናቸውም ዓይነታቸውም አንድ ይሁን። አንዱ ሰፋ አንዱ ጠበብ ያለ ከሆነ በየደቂቃው የሚዞሩት እኩል አይሆንም፣ ኮምፒውተሩም የጎማዎቹን ፍጥነት እያወዳደረ ስለሚሠራ ይሳሳታል።

አቅም ፈቅዶ ሁለት ብቻ ከገዙ አዲሶቹን ኋላ ያስገቡ። መኪናው በፊት ጎማ የሚነዳ ቢሆንም እንኳ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የፊቱ ሲንሸራተት መሪው ይቀልልዎታል፣ ፍጥነት ሲቀንሱ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል፣ ለማሰብም ጊዜ አይሰጥም።

ማርሽ፦ ሲነሱና ሲያቆሙ

አውቶማቲክ ማርሽ ቀላል ስለሆነ ብቻ በቀላሉ ይበላሻል። ትልቁ ጥፋት መኪናው እየተንከባለለ ከዲ (ወደፊት) ወደ አር (ወደኋላ)፣ ወይም ከአር ወደ ዲ መቀየር ነው። ገበያ አካባቢ ኋላ ባጃጅ ክላክስ እያደረገብን ስንዞር ሁላችንንም ይፈትነናል። ባጃጁ ይጠብቅ። ፍሬን ይያዙ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ ከዚያ ይቀይሩ፣ ማርሹ ሲገባ እስኪሰማዎት ትንሽ ቆይተው ይነሱ።

ሲያቆሙ፣ በተለይ ዘንበል ባለ ቦታ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. የእግር ፍሬን እንደያዙ ማርሹን ኤን (ኒውትራል) ላይ ያድርጉ።
2. የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይሳቡ።
3. የእግር ፍሬኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ።
4. የእግር ፍሬኑን እንደገና ይያዙና ፒ ላይ ያስገቡ፣ ከዚያ ሞተር ያጥፉ።

ፒ በካምቢዮው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት ጥርስ ላይ ገብታ የምትይዘው ነው። የእጅ ፍሬን ሳይሳቡ ፒ ላይ ብቻ ካቆሙ የመኪናው ክብደት በሙሉ በእሷ ላይ ይንጠለጠላል። ጠዋት ማርሹን ሲያወጡ "ቋ!" የሚለው ድምፅ የእሷ ነው።

እኛ ቪትዝ ከምንላቸው መካከል ከአውሮፓ የመጡ ሴሚ አውቶማቲክ መኪኖች አሉ። እነዚህ ፒ የላቸውም። ማርሽ ውስጥ እንዳለ ሞተር አጥፍቶ የእጅ ፍሬን መሳብ ነው። ውስጣቸው ያለው እንደ ማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን ነው፣ ፔዳሉ ብቻ ነው የሌለው። ስለዚህ ዳገት ላይ በነዳጅ ደግፎ ማቆም ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል፤ በፍሬን ይያዙት።

በማኑዋል መኪናም ያው ነው። እግርን ፍሪሲዮን ላይ አስደግፎ መንዳት፣ ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን መቆም፣ ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ይነሱ፦ አንደኛ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን መኪናው እስኪነቃነቅ ከፍ ያድርጉ፣ ነዳጅ ይጨምሩ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ።

ስለ ካምቢዮ ዘይት አንድ ነገር ብቻ፦ ሲቪቲ የሚባለው፣ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና የሚፈልገው የሲቪቲ ዘይት ነው። ተራው የአውቶማቲክ ዘይት ቀለሙ ቢመሳሰልም አይተካውም።

ቁልቁለት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ደብረ ታቦር ከወረታ ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ በጠመዝማዛ። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ነው "ነዳጅ ልቆጥብ" ብለው ኒውትራል የሚያደርጉ ሾፌሮች ያሉት።

ነዳጅ አይቆጠብም። ዛሬ የምንነዳቸው በኢንጀክሽን የሚሠሩ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጉታል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ኒውትራል የሚያደርገው ሰው ነዳጁንም ያባክናል፣ የሞተሩን መያዣም ያጣል፣ የመኪናውን ክብደት በሙሉ ለፍሬን ይሰጣል። ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፍ የዋለ ሰው ቁጠባ ቢያምረው አይገርምም፤ ቁጠባው ግን እዚህ የለም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ይቀንሱና ያንኑ መንገድ ወደ ላይ ቢወጡት የሚጠቀሙበትን ማርሽ ያስገቡ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። በአውቶማቲክ ከዲ ወጥተው ኤል፣ 2፣ ኤስ፣ ቢ ወይም ኤም ላይ ያድርጉ፣ የትኛው እንዳለ በማርሹ ጎን ተጽፏል። ሞተሩ ይጮኻል። ይጩህ፣ ቀዩ መስመር ጋ እስካልደረሰ ድረስ ጉዳት የለውም። ፍጥነቱ ከፈለጉት በላይ ሲሆን ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ከነበረው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑ ይቀዝቅዝ። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ነው የፍሬን ሸራውን የሚያቃጥለው።

የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከገባ ምልክቱን አይናቁ። ማርሽ ይቀንሱ፣ ደህና ቦታ ፈልገው ይቁሙ፣ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይቆዩ። ውኃ አይድፉበት፤ የጋለ ብረት ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ፍሬኑ ጨርሶ ከጠፋ ፔዳሉን ደጋግመው ይምቱ፣ ማርሹን አንድ በአንድ ዝቅ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይነጥቁ ቀስ በቀስ ይሳቡ፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን ይጠጉ።

በኤሌክትሪክ መኪና ለሚሄዱ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ እግር ሲነሳ መኪናውን የሚይዘው ባትሪውን የሚሞላው ሥርዓት ነው። ባትሪው 100 በመቶ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይዳከማል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርዱ ከሆነ ባትሪውን እስከ መጨረሻው አይሙሉት።

ስታቢሊቲ ኮንትሮል፦ ምን ይሠራል፣ መቼስ ይጠፋል?

ይህ ሥርዓት መሪዎ ወዴት እንደዞረና መኪናው በእውነት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያወዳድራል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱን ጎማ ብቻ መርጦ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ኃይል ይቀንሳል፣ መኪናው ወደ ፈለጉት አቅጣጫ እንዲመለስ። በ1995 ቦሽና መርሴዲስ ነበሩ ለገበያ ያበቁት። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኅዳር 2014 ወዲህ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ አስገዳጅ አደረጉት (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለው ሰው ስለዚህ አረጋግጦ ማወቅ አለበት። ቶዮታ ቪኤስሲ ይለዋል፣ ሌሎች ኢኤስፒ ወይም ኢኤስሲ ይሉታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ምስልና ከሥሩ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች ያሉት መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ መኪናው የለውም፣ ወይም አንድ ሰው መብራቱን ነቅሎታል። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ይህን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። እየነዱ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ሥርዓቱ እየሠራ ነው፤ ከመንሸራተት አድኖዎታልና ፍጥነት ይቀንሱ። ሳይቋረጥ ከበራ ተበላሽቷል ወይም ጠፍቷል።

መኪናው ሲንሸራተት የእርስዎ ድርሻ ሁለት ነው፦ እግርን ከነዳጅ ማንሳትና መሄድ ወደሚፈልጉበት እያዩ ወደዚያው መምራት። ኮምፒውተሩ የሚያነበው መሪዎን ነው፤ መሪውን ለቀው ፊትዎን ከሸፈኑ የሚከተለው የለውም። በድንገት መቆም ካስፈለገ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ካለው፣ ፍሬኑን በኃይል ይርገጡ፣ አይልቀቁ። ፔዳሉ እግርዎ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ጤነኛ ነው። በፒስታ መንገድ ላይ ግን ኤቢኤስ ያለው መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ሊወስድ ስለሚችል ቀድመው ይቀንሱ።

ማጥፊያው ቁልፍ የተሠራው ለአንድ ነገር ነው፣ ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ለተያዘ መኪና። ጎማው ሲሽከረከር ኮምፒውተሩ ኃይል ስለሚቀንስ መኪናው መውጫ ጉልበት ያጣል። በክረምት ወደ ገጠር መንገድ ወርደው ከተያዙ እንዲህ ያድርጉ፦ ቆመው ቁልፉን ይጫኑ (በብዙ ቶዮታዎች ከ3 ሰከንድ በላይ ይዞ ማቆየት ያስፈልጋል)፣ የፊት ጎማውን ያቅኑ፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ይጥረጉ፣ ድንጋይ ወይም ቅጠል ያንጥፉ፣ በሁለተኛ ማርሽ በትንሽ ነዳጅ ይሞክሩ። ነዳጅ መጨመር ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሰው የሚገፋ ከሆነ ከጎማው ቀጥታ ኋላ አይቁም። አስፋልት እንደረገጡ ሥርዓቱን መልሰው ያብሩ። ሃይሉክስ ወይም ሌላ ባለ አራት ጎማ የያዙ ሰዎችም ደረቅ አስፋልት ላይ ሲመለሱ ከአራት ጎማ ወደ ሁለት ይመልሱ፣ አለበለዚያ የካምቢዮውና የአክስሎቹ ጥርሶች ይጨናነቃሉ።

ዝናብና የፎገራ ሜዳ

ከሐሙሲት እስከ ወረታ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግር ሳያስበው ይከብዳል። በክረምት ግን ከሁለቱም ወገን ከእርሻ የሚወጣ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል፣ ከብትም ይሻገራል። ደረቅ ወራት የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ስላለ ዝናቡ የጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከሁሉም ይልቅ ያንሸራትታሉ። የከተማው ኮብልስቶንም ሲረጥብ እንደዚያው ነው።

ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ከ1 እስከ 4 በዝግታ ይቁጠሩ። ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ በጣም ተጠግተዋል። ጎማው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ መሪው ድንገት ከቀለለ ፍሬን አይንኩ፣ መሪ አይጠምዝዙ፤ እግርዎን ከነዳጅ አንስተው ጎማው መሬት እስኪነካ ቀጥ ብለው ይቆዩ።

ጎማ ቢፈነዳ

መጀመሪያ የሚመጣብን ፍሬን መርገጥ ነው፤ እሱን ነው መከልከል ያለብን። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ የመኪናው ፍጥነት በራሱ ሲቀንስ ወደ ዳር ያውጡ።

ሜዳና ጠንካራ ቦታ ይምረጡ። ሰው ይውረድ፣ ከመንገዱ ይራቅ። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ፒ ወይም አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ከሚቀየረው ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ በድንጋይ ያግዱ። ብሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ትንሽ ያላሉ፣ ከዚያ በክሪክ ያንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ምንም ምክንያት ቢኖር አይግቡ። ትርፍ ጎማውን ካስገቡ በኋላ ብሎኖቹን በዙር ሳይሆን በተቃራኒ እያቋረጡ ያጥብቁ፣ መኪናውን ካወረዱ በኋላም ይድገሙ። ቀጭኗ ትርፍ ጎማ ከሆነች ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይንዱባት፣ ነፋሷም 4.2 ባር ገደማ ነው፤ ከመንገድ በፊት የሚለኩት ጎማ አምስት እንጂ አራት አይደለም።

ከመሄድዎ በፊት ለማገጃና ለማስጠንቀቂያ ያስቀመጡትን ድንጋይና ቅጠል ከመንገዱ ያንሱ። በሌሊት የሚመጣ ሞተረኛ አያየውም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቆመው ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። ከባሕር ዳር ለወጣ ሰው አዲስ ዘመን ወይም ዳንግላ ጥሩ መቆሚያ ናቸው፤ የተበላሸውንም ጎማ እዚያው ለጎሚስታ ይስጡት።